አስፈሪ ኮሚክ ባነበብኩ ቁጥር "ለምን እኖራለሁ?" እላለሁ፤ ማንበቤን ላቁም?

ጥያቄ፦ "24 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። አባቴ አምና ከሞተ ወዲህ ቀፊራ ያለውን የጨርቅ ሱቃችንን የያዝኩት እኔ ነኝ። የምውለው እሱ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ነው፤ ስፖንጁ እስካሁን በሱ ልክ እንደጎደጎደ ነው። ማታ ማታ ስልኬ ላይ የጃፓን አስፈሪ ኮሚኮች (በተከታታይ ሥዕል የሚተረኩ ታሪኮች) አነባለሁ። በቅርቡ ያነበብኩት ታሪክ ላይ ተራራ በመሬት መንቀጥቀጥ ይሰነጠቅና በሰው ቅርጽ የተቦረቦሩ ቀዳዳዎች ይገኛሉ። ሰዎች የየራሳቸውን ቅርጽ እየፈለጉ ይገቡበታል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ 'መጨረሻው ሞት ከሆነ ይሄ ሁሉ ድካም ለምንድነው?' እላለሁ። እናቴ 'ጂን ትጠራለህ፣ ተው' ትለኛለች። ጓደኛዬ 'አቦ፣ የልጅ ነገር ነው፣ አታካብድ' ይለኛል። እውነት ኮሚክ ያሳብዳል? ላቁም? ወይስ የሚገኝበት ጥቅም አለ?"

ምላሽ (ከሥነ ልቦና አማካሪ)፦

ኮሚክ ሰው አያሳብድም። "ለምን እኖራለሁ?" የሚለውን ጥያቄም እሱ አልተከለብህም፤ ውስጥህ ተኝቶ የነበረውን ቀሰቀሰው እንጂ። ይህን መጀመሪያ ላይ መለየት አለብህ። ጥያቄውን ያመጣው ኮሚኩ ቢሆን ኖሮ ማንበቡን ስታቆም ጥያቄውም አብሮ ይቆም ነበር። አይቆምም። ስልኩን ደፍተኸውም ሐሳቡ ይከተልሃል።

ጓደኛህ "የልጅ ነገር ነው" ሲል ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ነው የተሳሳተው። እናትህ የፈራችውንም ከሷ በፊት አገር ሙሉ ፈርቶታል። በ1950 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ኒው ዮርክ ውስጥ ኢሲ ኮሚክስ የሚባል አሳታሚ አስፈሪ ታሪኮችን በኮሚክ ማውጣት ጀመረ። መጽሔቶቹ ተቸበቸቡ፤ ወላጅ ተሸበረ። ከዚያ ቀደም ብሎም ኮሚክ ሰብስበው ያቃጠሉ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በ1954 ፍሬድሪክ ወርታም የሚባል የአእምሮ ሐኪም ኮሚክ ወጣቱን ወንጀለኛ ያደርጋል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት ጉዳዩ አሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። አሳታሚዎቹ መንግሥት ሳይቀድማቸው ብለው የራሳቸውን ደንብ አወጡ። ከመቃብር የሚነሳ ሙት ቀረ፣ ደም መጣጭ ቀረ፣ "አስፈሪ" የሚለው ቃል እንኳ ርዕስ ላይ እንዳይወጣ ተከለከለ። በ2012 ግን አንዲት የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሐኪሙን ሰነዶች አገላብጣ ጥናት አወጣች። ሰውዬው ወጣቶቹ የተናገሩትን እንደሚመቸው ይቆርጥና ይቀይር ነበር። "ኮሚክ ያሳብዳል" የሚለው ወሬ ዕድሜው ረጅም ነው፤ የቆመበት መሠረት ግን ይሄው ነው።

በጃፓን በኩል ደግሞ ሽጌሩ ሚዙኪን ልጥቀስልህ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ዛሬ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ባለችው ራባውል ላይ ግራ እጁን ያጣ ወታደር ነበር። በቀረችው ቀኝ እጁ ስለ መናፍስት ሲስል ኖሮ በ2015 በ93 ዓመቱ ሞተ። "የልጅ ነገር ነው" ላለህ ጓደኛህ ይህን ንገረው። አንተ ያነበብከውን የተራራ ታሪክ የሠራው ጁንጂ ኢቶ ነው፤ እሱም ሙሉ ጊዜውን ለሥዕል ከመስጠቱ በፊት የጥርስ ቴክኒሻን ነበር። የሰው አካል ሲለጠጥና ሲጣመም በዚያ ጥንቃቄ የሚስለው፣ እኔ እንደምገምተው፣ በሚሊሜትር መሥራት የለመደ እጅ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከፊልም ይልቅ ኮሚክ ለምን ሐሳብ ውስጥ ይከታል? ፊልም እየጎተተ ይወስድሃል፤ ብትፈራም ባትፈራም ይሄዳል። ኮሚክ ላይ ሰዓቱን የያዝከው አንተ ነህ። ጣትህ ስልኩ ላይ ቆሞ ቀጣዩን ሥዕል ለማየት ስታመነታ የነበረችውን ቅጽበት አስታውስ። እዚያ ጋ ማንም አልገፋህም፤ ራስህ ወስነህ ወደ ታች ሳብከው። ሌላም አለ። በአንዱ ሥዕልና በቀጣዩ መካከል ያለችውን ነጭ ክፍተት ተመልከት። አንዱ ሥዕል ላይ ሰውየው ቀዳዳው ፊት ቆሟል፤ ቀጣዩ ላይ የለም። ሲገባ ማን አየው? ማንም አልሳለውም። ያስገባኸው አንተ ነህ፤ በራስህ ጭንቅላት፣ በራስህ ፍርሃት። ስለዚህ ኮሚክ ላይ ያስፈራህ ነገር ግማሹ የሠዓሊው ነው፣ ግማሹ የራስህ። ለኛ ሙያ የሚጠቅመው ያ የራስህ ግማሽ ነው።

ምክንያቱም ሰው የሚፈራው የሚሳሳለትን ነገር እንዳያጣ ነው። ስለዚህ "ምን አስፈራኝ?" ማለት ብቻ አይበቃህም፤ "ምን እንዳይወሰድብኝ ነው የፈራሁት?" በል። ለምሳሌ ኢቶ ሌላ ታሪክ አለው፤ ሆስፒታል የተኛ ሰው በየሌሊቱ የሚያየው ሕልም እየረዘመ ይሄዳል፣ በአንድ ሌሊት ዓመታት ይኖራል። እዚያው ሆስፒታል መሞትን አብዝታ የምትፈራ በሽተኛ አለች። ይህን ታሪክ ሁለት ሰው ቢያነበው የሚፈራው አንድ አይደለም። አንዱ ዓመታት ተለያይቶ ሲነቃ ቤተሰቡን እንደ ባዕድ ማየቱ ያስጨንቀዋል። ሌላው ያን ሁሉ ዘመን ብቻውን መኖሩ። የመጀመሪያው ስለ ቤተሰቡ፣ ሁለተኛው ስለ ሰው ናፍቆቱ አንድ ነገር ነገረን። የሕይወት ትርጉም የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንዲህ በጓሮ በር ነው። ፊት ለፊት "የሕይወትህ ትርጉም ምንድነው?" ብትባል ከቴሌቪዥን የሰማኸውን ትመልሳለህ።

እስቲ በዚህ ዓይን የራስህን ደብዳቤ እንየው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ማንም ተገፍቶ ቀዳዳው ውስጥ አልገባም። እያንዳንዱ "ይሄ የኔ ነው፣ ለኔ ነው የተሠራው" እያለ በገዛ እግሩ ነው የሚሄደው። ከገባ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ወደ ውስጥ በገፋ ቁጥር ቀዳዳው ቅርጹን እየቀየረ፣ እሱንም እያጣመመ ይወስደዋል። (ያላነበባችሁ ይቅርታ፤ ጨረስኩባችሁ።) አንተ ደግሞ በአንዲት መስመር አልፈኸው የሄድከው ነገር አለ። በአባትህ ልክ የጎደጎደ ወንበር ላይ ትውላለህ። ከነስፖንጁ ነው የጻፍክልኝ። ስለ ታሪኩ ስትጠይቀኝ የስፖንጁ ቅርጽ ምን ሊያደርግ መጣ?

ሱቁን ጠልተኸዋል እያልኩህ አይደለም። በአንድ ደብዳቤ ሰው አይመረመርም። ሐዘን ሊሆን ይችላል፤ አባትህ ከሞተ ገና ዓመቱ ነው፣ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እሱን ትነካዋለህ። "እኔም እዚሁ ጎድጉጄ ልቀር ነው" የሚል ስጋት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አንድ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው። አባቱን የሚወድ ልጅ የአባቱን ቦታ መፍራቱ ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ አይናገረውም። የማይነገረው ነገር ደግሞ ትልቅ ልብስ ለብሶ ይመጣል፦ "መጨረሻው ሞት ከሆነ ድካሙ ለምንድነው?" ትልቁን ጥያቄ መጠየቅ አያሳፍርም። "ነገም እዚያ ሱቅ ልግባ?" ማለት ነው የሚያሳፍረው።

ኤርቪን ያሎም የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ1980 ባሳተመው መጽሐፉ የሰውን ሥር የሰደደ ጭንቀት አራት ቦታ ከፍሎታል፦ ሞት፣ ነፃነት፣ ብቸኝነትና የትርጉም ማጣት። ነፃነት እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል አትበል፤ መምረጥ መቻል ራሱ ያስጨንቃል፣ ኃላፊነቱ ያንተው ነውና። አንተ የጻፍከው ስለ ሞት መስሎህ ነው። እኔ የማነበው ግን ሁለተኛውን ነው። ከተሳሳትኩ አንተ ታውቀዋለህ።

ወደ እንቅልፉ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ላክርርብህ ነው። ትቅማለህ? አልጻፍክልኝም፣ ግን ድሬ ነህና ሳልጠይቅ አላልፍም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባሉት አነቃቂዎች ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይቀንሳል፤ የአወዳይ ጫት በጥድፊያ የሚጓጓዘው ለዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ምርቃናው ሲይዘው የዓለም ምስጢር የተገለጠለት ይመስለዋል። ማታ ሲወርድ ደግሞ ድብርቱ ይገባል፣ እንቅልፉ ይሸሻል። የለመደ ሰው ሳይቅም ሲያድር የሚያስጮኸውን ዱካክ ሠፈራችን የማያውቅ የለም። በዚያ ሰዓት አስፈሪ ኮሚክ ጨምርበት። "ሕይወት ባዶ ናት" የሚለው ድምፅ ያኔ ፍልስፍና ይመስላል፤ ግማሹ ግን የቅጠሉ መውረድ ነው። ባትቅምም ነገሩ ብዙ አይለወጥም፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልተኛ አንጎል ሁሉንም ነገር አጥቁሮ ነው የሚያየው። በዚያ ሰዓት ስለ ሕይወትህ ያሰብከውን አትመነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀጥሮ ማሰብ ይቻላል፤ ጥያቄው አይሸሽም።

እናትህ "ጂን ትጠራለህ" ስትል ስለ እምነቷ አልከራከርም። አንድ ነገር ግን ላርም። ሞትን ማሰብ ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም፤ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም የሚመክሩት ነው። በሚያስፈራ ሥዕል ሰውን ማሳሰብም ቢሆን የጃፓን ፈጠራ አይደለም፤ የጣና ገዳማትን ግድግዳ ያየ ሰው የሰማዕታቱን ስቃይ በተርታ ተስሎ አይቶታል። ደግሞ እናትህን ያስጨነቃት በበሩ ስር የምታየው የስልክህ ብርሃን እንጂ የኮሚኩ ይዘት አይመስለኝም። ልጇ አይተኛም። በዚህ በኩል ትክክል ናት።

ከጂን ካነሳን፣ ሐረር ላይ ጂን የሚበላው ጅብ ነው ይባላል። ሐረሮች ጅቡን እንዴት እንደያዙት አይተሃል? ምሽት ሲሆን፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በተለመደው ቦታ፣ ሥጋው በእንጨት ላይ ተንጠልጥሎ። የሚመግበው ሰው እንጨቱን በጥርሱ ይዞ ፊቱን ያስጠጋል። ሲጨርስ ግን ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ጅቡን አልጋው ሥር አያሳድርም። አንተ ከኮሚኩ ጋር አልጋህ ውስጥ ነው የምታድረው።

ኮሚኩ የማይችለውንም ልንገርህ። አስፈሪ ታሪክ መግፈፍ እንጂ ማልበስ አይሆንለትም። የተሸፋፈነውን ያሳይሃል፤ "እንግዲህ እንዲህ ኑር" ግን አይልህም፣ አብዛኛው ታሪክ የሚያልቀውም መውጫ በሌለበት ነው። መልስ ፍለጋ አሥረኛውንና ሃያኛውን ታሪክ ብትደራርብ የምታገኘው የባሰ ጥያቄ ነው። ከናዚ ካምፕ የተረፈው የቪየናው ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል ሰው ትርጉም የሚያገኝበትን በሦስት መንገድ አስቀምጧል፦ በሚሠራው ነገር፣ በሚወደው ሰው ወይም ነገር፣ እና ሊያመልጠው በማይችለው መከራ ፊት በሚይዘው አቋም። ሦስቱም ስልክ ላይ የሉም።

"ጥቅም አለው?" ላልከው፣ በ2021 የወጣ አንድ ጥናት 322 ሰዎችን ጠይቆ በኮቪድ ወቅት የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች ከሌሎቹ ያነሰ የመንፈስ ጭንቀት እንዳሳዩ አግኝቷል። ግን ጥናቱ ስለ ፊልም ነው። መጀመሪያውኑ ጠንካራ የሆኑት ይሆናሉ አስፈሪ የሚወዱት፤ ጥናቱ ይህን አይለይም። የዴንማርክ ተመራማሪዎች ደግሞ ማስፈራሪያ ቤት የገቡ ሰዎችን የልብ ምት ለክተው ደስታው ከፍ የሚለው ፍርሃቱ መካከለኛ ሲሆን እንደሆነ አይተዋል። ጭራሽ ያልፈራም፣ ከልክ በላይ የፈራም ብዙ አልተደሰተም። እንቅልፍ ካሳጣህ ልኩን አልፈሃል ማለት ነው።

ቀልድ የሌለበት ማስጠንቀቂያ አለኝ። "ለምን እኖራለሁ?" ብሎ መጠየቅና መኖር አለመፈለግ ይለያያሉ። የሚጠይቅ ሰው ጉጉት አለው፤ ይከራከራል፣ ያነባል፣ ይጽፍልኛል። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ምግብ ካልጣመህ፣ የምትወደው ነገር ሁሉ ከቀዘቀዘብህ፣ ሱቅ መክፈት ካቃተህ፣ ራስህን እንደ ሸክም ካየህ፣ ይሄ የኮሚክ ጉዳይ አይደለም፣ የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ይታከማል። "ባልኖርስ" የሚል ሐሳብ አንዴም ቢመጣ ለነገ አትበለው። ለአንድ ሰው በዚያው ሰዓት ተናገር፣ ብቻህን አትደር፣ ድሬ ድል ጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሄደህ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ጠይቅ። አብሮህ የሚሄድ ሰው ያዝ። ሌላም አለ፦ አስከሬንና መቃብር በዝርዝር የሚያሳዩትን ታሪኮች ለጊዜው ተዋቸው። የአባትህ ሐዘን ገና ትኩስ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይሄ ነው። አታቁም፤ ሰዓቱንና ቦታውን ቀይር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አንድም ገጽ አታንብብ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ አድርገው። ማንበቢያህን እኩለ ቀን አድርገው፤ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሱቁም ሲዘጋ፣ ከተማው በሚያርፍበት ሰዓት፣ አንድ ታሪክ ብቻ። ስትጨርስ ወዲያው ወደ ሌላ አትለፍ። ደብተር ላይ ሁለት መስመር ጻፍ፦ የቱ ሥዕል ላይ ቆምኩ? ምን እንዳይወሰድብኝ ፈራሁ? ወር ያህል ይህን አድርግና ወደ ኋላ አንብበው። እየተደጋገመ የሚመጣ አንድ ነገር ታገኛለህ፤ ከዚያ በኋላ የሚወራው ስለሱ ነው። ለዚያ "አቦ" ለሚልህ ጓደኛህም አንዱን አስነብበው፤ እንደሚያወራው ደፋር መሆኑን ታያለህ።

ወንበሩን በተመለከተ ስፖንጁን መቀየርም አለመቀየርም ይቻላል፤ ዝም ብለህ መቀመጥ ግን አይሆንም። እናትህን ጠይቃት፣ ተነጋገሩበት፣ ወስኑ። እግረ መንገዳችሁን ዋናውን ጉዳይ አንሱት፦ ሱቁን የምትይዘው እስከ መቼ ነው? ለአንድ ዓመት ነው? ታናሽህ እስኪደርስ ነው? ለዘለቄታው ነው? ጊዜ የተቆረጠለት ሥራና ማብቂያው ያልታወቀ ሥራ፣ ሥራው አንድ ቢሆን እንኳ፣ ሰው ላይ እኩል አይከብዱም። ለመነጋገር ስትቀመጡ የገቢና ወጪውን ደብተር ይዘህ ቅረብ፤ ሱቁ ሰው ቀጥሮ መሥራት ይችል እንደሆነና አንተ በተማርክበት ሥራ ብትፈልግ ቤቱ ምን እንደሚጎድልበት በቁጥር አሳያት። አካውንታንት አይደለህ?